ይቺን ባር ባክ አልጻፋትም

የአቀናባሪው ባክን የሲ ሜጀር ፕሬሊዩድ የሚባል አጭር ሙዚቃ በፒያኖ የተማርኩት ከአንድ አሮጌ የኖታ እትም ነው። ወራት ለፋሁበት፣ በቃሌ ያዝኩት። በኋላ ሌላ እትም ስገልጥ ከ22ኛው ባር (ኖታው በቋሚ መስመር ከሚከፈልባቸው ክፍሎች አንዱ) ቀጥሎ የማውቃት አንዲት ባር የለችም። የኅትመት ስህተት መሰለኝ። ለካ ትርፏ ያለችው የኔው ላይ ነው!

ባክ የጻፈው 35 ባር ነው። ያቺን ባር የጨመራት ሽቬንከ የሚባል ሙዚቀኛ ነው። ባሱ፣ ማለትም ዝቅተኛው ድምፅ፣ ከኤፍ ሻርፕ በቀጥታ ወደ ኤ ፍላት ሲዘል መሃሉ ላይ ጂ አስገብቶ አለሰለሰው፣ ፒያኖ አስተማሪው ቼርኒም በእትሙ ይዟት ወጣ፣ ከዚያ ወዲያ ስንቱ ተማሪ የባክ ናት ብሎ ተጫወታት። እስቲ ያለ ጂ ሞክሩት። ያ ዝላይ ልብ ያስደነግጣል፤ ለኔ የፕሬሊዩዱ ውበት እዚያ ጋ ነው።

ስለዚህ መካከለኛ ደረጃ ላይ ያላችሁ የፒያኖ ተማሪዎች፣ ኖታ ስትመርጡ መጀመሪያ የምታዩት የአቀናባሪውንና የአርታኢውን ምልክት መለየት መቻላችሁን ነው። ባክ ኢንቬንሽን በሚባሉት አጫጭር ሥራዎቹ ላይ ፎርቴ (ጮክ) ወይም ፒያኖ (ቀስ) የሚል ምልክት አልጻፈም። ገጹ በክሬሼንዶ፣ ድምፅ ቀስ በቀስ ጨምሩ በሚል ምልክት፣ ከተሞላ ሌላ ሰው ነው የሞላው። ምክሩ ጥሩ ሊሆን ይችላል፣ ግን የማን እንደሆነ ይታወቅ። ዊላርድ ፓልመር ለአሳታሚው አልፍሬድ ያዘጋጃቸው የባክ እትሞች የአርታኢውን ጭማሪ በግራጫ ቀለም ያትማሉ፤ ለዚህ ደረጃ በጣም የምወደው አሠራር ነው።

ኡርቴክስት (አቀናባሪው የጻፈውን ለማቅረብ የሚሞክር እትም) የሚያወጡት አሳታሚዎች፣ እነ ሄንለ፣ ባረንራይተርና የቪየና ኡርቴክስት፣ ከእጅ ጽሑፉና ከመጀመሪያዎቹ ኅትመቶች ተነስተው ነው የሚያዘጋጁት። ግን ኡርቴክስት ስለተባለ አንድ ብቻ ትክክለኛ ኖታ አለ ማለት አይደለም። የሾፓን ሥራዎች ፓሪስ፣ ላይፕዚግና ለንደን ሲታተሙ እርስ በርስ ይለያዩ ነበር፤ እሱ ራሱም በተማሪዎቹ ኖታ ላይ በእርሳስ ይቀይር ነበር። እትሙ መጨረሻ ላይ ያለውን የአርታኢ ማስታወሻ አትዝለሉት፣ እንዲህ ያለው ነገር የሚገኘው እዚያ ነው።

በየትኛው ጣት እንደሚጫወት የሚያሳይ የጣት ቁጥር መኖሩንም ሳታዩ አትግዙ፣ ያለሱ የሚታተም ኡርቴክስት አለ። በዚህ ደረጃ ቁጥሩ ያስፈልጋችኋል፤ እጃችሁ ካልተስማማው ደግሞ ሳትጨነቁ ቀይሩት። ኢንተርኔት ላይ በነፃ የሚገኘው አብዛኛው ኖታ የቅጂ መብቱ ያለቀ የድሮ እትም ስለሆነ እንደኔው ዓይነት ባር ሊያጋጥማችሁ ይችላል።

አሮጌውን እትሜን አልጣልኩትም። ያቺን ባር በእርሳስ በቅንፍ ከብቤ ከላይዋ «ሽቬንከ» ብዬ ጽፌባታለሁ።