አርባ አንድ አምፔር

ሞተሩ 37 ኪሎዋት ነበር። ታርጋው ላይ 380 ቮልት፣ 70 አምፔር፣ በደቂቃ 1475 ዙር ይላል። ይህን ሁሉ ዛሬም በቃሌ የምይዘው በዚያ ሞተር ምክንያት አንድ ሰው ያለ ጥፋቱ ሲቀጣ ዝም ብዬ ስላየሁ ነው።

የአራተኛ ዓመት የኤሌክትሪክ ምህንድስና ተማሪ ነበርኩ። ለአንድ መንፈቅ ዓመት የተግባር ልምምድ አራት ተማሪዎች ደብዳቤ ይዘን ወደ አንድ ትልቅ የሲሚንቶ ፋብሪካ ተላክን። ስለ መጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት ብዙ የምለው የለኝም። ቱታ አልተሰጠንም፤ ሥራም የሚሰጠን አልነበረም። ጥገና ክፍሉ በር ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ እንውላለን። ብዙ ተማሪዎች የልምምድ ጊዜያቸውን በሙሉ እንዲህ ጨርሰው እንደሚመለሱ አውቃለሁ፤ ያሳዝነኛል።

ከዚያ ወንበር ያነሱኝ አንድ አንጋፋ ቴክኒሻን ናቸው። ፋብሪካው በሙሉ "ጋሼ" ይላቸዋል። የረጅም ካቻቢቴ ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ ኩሽኔታው ካለበት ቦታ ያሳርፉና እጀታውን ጆሯቸው ላይ አድርገው ያዳምጣሉ። "ይሄ ግራሶ ጠምቶታል፤ ያኛው ግን አልቆለታል" ይላሉ። አልቆለታል ያሉት ሲፈታ አልቆ አየሁት። እኔንም እንዳዳምጥ አደረጉኝ። መጀመሪያ ሁሉም አንድ ዓይነት ጩኸት ነበር፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ ግን ደህናው ኩሽኔታ እንደሚያፏጭ፣ የተጎዳው ደግሞ ጠጠር እንደሚፈጭ መለየት ጀመርኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከእሳቸው አልተለየሁም።

ነገሩ የተፈጠረው በማታው ፈረቃ ነው። የወፍጮውን አቧራ የሚስበው ፋን ኦቨርሎድ እየጣለ፣ ማለትም ከረንቱ ከልክ ሲያልፍ መከላከያው ሪሌይ እያጠፋው፣ አስቸገረ። ያ ፋን ከቆመ ወፍጮውም ይቆማል፤ ወፍጮው ከቆመ ደግሞ ስልኩ ማረፊያ የለውም። ሪሌዩን መልሰን እናስነሳዋለን፤ ሃያ ደቂቃ ይሠራና እንደገና ይጥላል። ሦስተኛው ላይ የፈረቃው ኢንጂነር መጣ። ፓኔሉን ከፈተና ሪሌዩን አየ።

"ሞተሩ 70 አምፔር ነው። ይህን 41 ላይ ያስቀመጠው ማነው?"

ያስቀመጡት ጋሼ ናቸው፤ ያውም ከብዙ ዓመታት በፊት። በፓኔሉ በር ውስጠኛ ገጽ ላይ በደበዘዘ ማርከር "41" ተብሎ ተጽፏል። ትክክልም ነበር። ሞተሩ በስታር ዴልታ የሚነሳ ነው፤ ሲነሳ ሦስቱ የሽቦ ጥቅሎቹ በስታር (በኮከብ ቅርጽ)፣ ከተነሳ በኋላ ደግሞ በዴልታ (በሦስት ማዕዘን) ይያያዛሉ፤ ሪሌዩ የተገጠመው ደግሞ ዋናው መስመር ላይ ሳይሆን ዴልታው ውስጥ ነው። እዚያ የሚያልፈው የመስመሩ ከረንት በ1.73 ተካፍሎ የሚገኘው ነው። 70 በ0.58 ሲባዛ 40.6 ይሆናል፤ ተጠጋግቶ 41። ይህን ስሌት ክፍል ውስጥ ተምሬው፣ ፈተና ላይም ጽፌው አልፌያለሁ።

ስለዚህ ተናገርኩ። "ኢንጂነር፣ ሪሌዩ ያለው ዴልታው ውስጥ ስለሆነ 41 ልክ ይመስለኛል" አልኩት።

ወደ እኔ ዞረና በባትሪው ብርሃን የሞተሩን ታርጋ አሳየኝ። "እዚህ ላይ 41 የሚል ቁጥር ካገኘህ አሳየኝ።"

ታርጋውን አየሁ። በእርግጥ 41 የሚል የለበትም። ሊኖርበትም አይችልም፤ ቁጥሩ የሚገኘው ከሽቦው አገጣጠም ነው እንጂ ከታርጋው አይደለም። "ና፣ ፓኔሉ ውስጥ ሽቦውን ተከትለን እንየው" ማለት ነበረብኝ። አምስት ደቂቃ የሚወስድ ነገር ነው። ግን በዙሪያችን የቆሙት ሠራተኞች ሁሉ እኔን ያያሉ፤ እሱ ባትሪውን ታርጋው ላይ እንዳበራ ይጠብቀኛል፤ እኔም "የለም" አልኩ። ያቺን "የለም" ስንት ጊዜ በልቤ እንደመለስኳት አላውቅም። ለተጠየቅኩት ጥያቄ ትክክለኛ መልስ ነበረች፤ ጥያቄው ግን የተሳሳተ ነበር።

ጋሼ አልተከራከሩም። የከረንት መለኪያቸውን፣ ክላምፕ ሜትሩን፣ አውጥተው ዋናው መስመር ላይ አጠለቁት። 88 አነበበ። "ኢንጂነር፣ ሞተሩ ከብዶታል። ኩሽኔታውን ፈትተን ማየት አለብን" አሉ።

"ወፍጮው እስከ ቅዳሜ አይቆምም። ሪሌዩን ከፍ ያድርጉት።"

የሪሌዩ ማስተካከያ ከ37 እስከ 50 ድረስ ብቻ ነው የሚሄደው። 50 ላይ አደረጉት። ያን ሌሊት ሠራ። በማግስቱ ማታ እንደገና ጣለ። ኢንጂነሩ ከግምጃ ቤት ትልቅ ሪሌይ እንዲወጣ አዘዘ፤ ከ63 እስከ 80 የሚለውን። የዕቃ መጠየቂያ ቅጹ ላይ የፈረሙት ጋሼ ናቸው፤ ዕቃ የሚያወጣው ሁልጊዜም ቴክኒሻኑ ነውና። ትእዛዙ በአፍ ነበር። ገጠምነው፤ 70 ላይ አደረግነው። ከዚያ በኋላ ፋኑ አንድም ጊዜ አልጣለም። ኢንጂነሩ በአጠገቤ ሲያልፍ "አየህ?" አለኝ።

በእርግጥ አይጥልም። 70 ላይ የተቀመጠ ሪሌይ ዴልታው ውስጥ ሆኖ፣ ዋናው መስመር ላይ 121 አምፔር እስኪደርስ ድረስ ምንም አይልም። ጠባቂውን አስተኝተን ሌባውን ቀረ ማለታችን ነበር። የሞተር ሽቦ መከላከያ ሽፋን ከተፈቀደለት ሙቀት በላይ በየ10 ዲግሪው ዕድሜው በግምት በግማሽ እንደሚቀንስ የጥገና ሰው ሁሉ ያውቃል።

በሦስተኛው ቀን፣ ረፋድ ላይ፣ የተቃጠለ ቫርኒሽ ሽታ መጣ። አንድ ጊዜ ያሸተተው ሰው አይረሳውም። ሞተሩ ሲፈታ የሽቦ ጥቅሉ ከሰል መስሏል፤ በፋኑ በኩል ያለው ኩሽኔታ ተበታትኖ ኳሶቹ ወለሉ ላይ ተንከባለሉ። ወፍጮው እስከ ቅዳሜ እንዳይቆም ሲባል ከቅዳሜም አልፎ ቆመ።

ከዚያ ምርመራ መጣ። የተገኘው ወረቀት አንድ ብቻ ነው፤ የጋሼ ፊርማ ያለበት የግምጃ ቤት ቅጽ። "ከመጠን በላይ የሆነ ሪሌይ በመግጠም" ተብሎ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያና የደመወዝ ቅጣት ተወሰነባቸው።

ሌላ ወረቀትም ነበር። የልምምድ መዝገቤ። የዚያን ሌሊት ሁሉንም ጽፌያለሁ፤ 41፣ 88፣ 50፣ 70፣ ማን ምን እንዳለ፣ በስንት ሰዓት። ይህንን መዝገብ አይቶ የሚፈርመው፣ የግምገማ ነጥቤንም የሚሞላው ያው ኢንጂነር ነው። ቢሮው ጠራኝ። አልተቆጣም፤ እንዲያውም ወንበር ስቦ አስቀመጠኝ። "ይህ የተማሪ መዝገብ ነው እንጂ የፖሊስ ምርመራ አይደለም። ዩኒቨርሲቲው ማወቅ የሚፈልገው የተማርከውን ነው። ይህን ገጽ አስተካክለህ አምጣና እፈርምልሃለሁ።"

አስተካከልኩ። ገጹን ቀድጄ በአዲስ ገጽ ላይ "የፋን ሞተር ኦቨርሎድ ሪሌይ ተቀየረ" ብዬ ጻፍኩ። አምስት ቃል። ተፈረመ፣ ማኅተም ተመታበት፣ ነጥቤም ከአራታችን ከፍተኛው ሆነ።

ዛሬ እኔም ተማሪዎችን እቀበላለሁ፤ እኔም መዝገባቸው ላይ እፈርማለሁ። ተማሪን የሚገመግመው ሰው ተማሪው የሚመሰክርበት ሰው ከሆነ፣ መዝገቡ ላይ የሚቀረው አምስት ቃል ብቻ ነው። ይህን ለትምህርት ክፍሎች ደጋግሜ ተናግሬያለሁ፤ ገምጋሚው ቢያንስ ከሌላ ፈረቃ ይሁን ብያለሁ። በምሠራበት ቦታም የሪሌይ ልክ ሲቀየር ያዘዘው ሰው ስምና ምክንያቱ ከፈጻሚው ፊርማ በላይ እንዲጻፍ አስደርጌያለሁ። ለጋሼ ግን ይህ ሁሉ አልደረሰላቸውም።

ያኔ ያደረግኩትን በራሴ አንደበት ነገርኳቸው። ኮንታክተር ያጸዱ ነበር።

"ገጹን ቀደድከው?"

"አዎ ጋሼ።"

"ከነቁጥሩ?"

"ከነቁጥሩ።"

ሥራቸውን አቆሙ። "የሰውየውን ስም ብትተወው ምንም አይደለም። ቁጥሩ ግን ከእኛ በኋላ ፓኔሉን ለሚከፍት ሰው ነበር" አሉ። ስለ ደመወዛቸው አንዲት ቃል አልተናገሩም። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ልምምዴ ሊያልቅ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ሞተሩ ከጥቅለላ ተመለሰ። አዲስ ኩሽኔታ ገጠምን፤ የድሮውን ሪሌይ መልሰን 41 ላይ አደረግነው። አስነሳነውና ጋሼ ዋናውን መስመር ለኩ። 64። ካቻቢቴውን ሰጡኝ፤ አዳመጥኩ፤ ያፏጫል።

በፓኔሉ በር ላይ የነበረው የድሮ ቁጥር ሊጠፋ ደርሷል። ጋሼ ማርከር አቀበሉኝና "ከነስሌቱ ጻፈው፤ ሰው እንዳይጠራጠር" አሉኝ። "70 × 0.58 = 41፤ ሪሌዩ ዴልታ ውስጥ ነው" ብዬ በትልቁ ጻፍኩ።

"ስምህንም ጻፍበት።"

ማርከሩን እንደያዝኩ ቆምኩ። የግምገማ ወረቀቴ ገና ከኢንጂነሩ ጠረጴዛ አልወጣም ነበር። ጋሼ ትንሽ ጠበቁኝ። ከዚያ ማርከሩን ከእጄ ወሰዱ፤ ከቁጥሩ ሥር ፈረሙበትና በሩን ዘጉት።