የዩራኒየም ፍለጋ አክሲዮን፦ ከትርፍ ድርሻው በፊት ማየት የነበረብኝ ገጽ

ይህን የምጽፈው ከመግዛቴ በፊት የነገረኝ ሰው ስላልነበረ ነው። ዩራኒየም ገና በመፈለግ ላይ ያለ ኩባንያ የትርፍ ድርሻ አይከፍልም፤ እንዲያውም በየጊዜው አዲስ አክሲዮን እየሸጠ ገንዘብ የሚጠይቀው እሱ ነው። ስለዚህ መጠናት ያለበት ገንዘቡ የሚያልቅበት ቀን ነው።

የኩባንያውን የትርፍ ድርሻ ፖሊሲ ማግኘት አያስቸግርም። የካናዳ ኩባንያ ከሆነ ሴዳር ፕላስ፣ አሜሪካ የተመዘገበ ከሆነ ኤድጋር ከሚባለው፣ ኩባንያዎች ሰነዳቸውን ይፋ ከሚያደርጉበት ድረ ገጽ ዓመታዊ ሪፖርቱን አውርዶ ስለ ትርፍ ድርሻ የሚለውን ንዑስ ርዕስ መፈለግ ነው። ሁለት ሦስት መስመር ናት፦ ከፍለን አናውቅም፣ በቅርቡም አናስብም፣ ውሳኔው የቦርዱ ነው። አታባስካ በሚባለው የካናዳ የዩራኒየም አካባቢ ትልቅ ክምችት ያገኘው ኔክስጀን የተባለው ኩባንያ እንኳ ከፍሎ አያውቅም። ቦርዱ ልክፈል ቢልም፣ ኩባንያው በካናዳ ፌዴራል ሕግ የተቋቋመ ከሆነ የኩባንያዎች ሕግ አንቀጽ 42 ይይዘዋል፤ ከከፈለ በኋላ ዕዳውን በጊዜው መክፈል እንደማይችል የሚያሳምን ምክንያት ካለ መክፈል ክልክል ነው።

ያበላሸሁት ቀጥሎ ያለውን ነው። ገንዘቡ ምን ያህል እንደሚያቆየው ሳሰላ፣ ከገንዘብ ፍሰት መግለጫው «ከሥራ እንቅስቃሴ» የሚለውን ክፍል ብቻ አየሁ። ቁጥሮቹን ለስሌት እንዲመቹ አጠጋግቻቸዋለሁ፦ በእጁ ያለው 12 ሚሊዮን የካናዳ ዶላር፣ በሩብ ዓመት የሚወጣው 1.5 ሚሊዮን። 12 ለ1.5 ሲካፈል 8 ሩብ ዓመት፣ ማለትም ሁለት ዓመት ሙሉ። በዚህ ተማምኜ ገዛሁ።

የቁፋሮው ወጪ ግን እዚያ ክፍል ውስጥ አልነበረም። አይ ኤፍ አር ኤስ 6 የሚባለው የሂሳብ ደረጃ ኩባንያው የፍለጋ ወጪውን ወዲያው በወጪነት እንዲመዘግብ ወይም እንደ ሀብት እንዲይዘው ይፈቅድለታል። እንደ ሀብት ከያዘው፣ የቁፋሮው ክፍያ የሚታየው ወረድ ብሎ «ከኢንቨስትመንት እንቅስቃሴ» ሥር ነው። እዚያ በሩብ ዓመት 3.7 ሚሊዮን ተቀምጧል። ሁለቱ ሲደመሩ 5.2 ሚሊዮን ይሆናሉ፤ 12 ሚሊዮኑ የሚያቆየው ሰባት ወር ያህል ብቻ ነው።

ነገሩ በዚህም አያበቃም። ከ12 ሚሊዮኑ 5 ሚሊዮኑ ፍሎው ስሩ በሚባለው አክሲዮን የተሰበሰበ ነበር። ይህ አክሲዮን ለገዢው የግብር ቅናሽ ስለሚያስገኝ ገንዘቡ ካናዳ ውስጥ ለሚደረግ ፍለጋ ብቻ ይውላል፤ የቢሮ ደመወዝ አይከፈልበትም፣ የትርፍ ድርሻም አይታሰብም። የሚወጣበት ቀነ ገደብ ስላለው ቁፋሮውን አዘግይቶ መቆጠብም አይቻልም። መጠኑ በፊት ለፊት ገጾች ላይ አይታይም፤ ከሂሳቡ ኋላ ካሉት ማብራሪያዎች ተፈልጎ ነው የሚገኘው።

ለኩባንያው የባለሀብቶች ግንኙነት ክፍል ስጽፍ የመጣልኝ መልስ «ለታቀደው ሥራ በቂ ገንዘብ አለን» የሚል ነበር። እስከ ዛሬ ያናድደኛል። ቃሉ ሐሰት አልነበረም፤ «የታቀደው ሥራ» ማለት ግን በብርዱ ወራት፣ ሐይቁ ረግቶ መሰርሰሪያውን መሸከም ሲችል የሚካሄደው ቁፋሮ ብቻ ነበር። «እስከ የትኛው ወር?» ብዬ አለመጠየቄ የራሴ ጥፋት ነው።

ከዚያ የሚጠበቀው መጣ። 100 ሚሊዮን አክሲዮን የነበረው ኩባንያ 20 ሚሊዮን አዲስ ከገበያ ዋጋ በታች ሸጠ፤ ከእያንዳንዱ ጋር ግማሽ ዋራንት (በኋላ በተወሰነ ዋጋ አዲስ አክሲዮን የመግዛት መብት) ሰጠ። ዋራንቶቹ ወደ አክሲዮን ሲቀየሩ ሌላ 10 ሚሊዮን ይጨመራል፣ ጠቅላላው 130 ሚሊዮን ይሆናል። 10,000 አክሲዮን የያዘ ሰው ድርሻው ከ0.01 በመቶ ወደ 0.0077 በመቶ ይወርዳል፤ እንደነበረ ላቆየው ካለ 3,000 አክሲዮን ከኪሱ መግዛት አለበት። በካናዳ በግል ሽያጭ፣ ማለትም ኩባንያው ለተመረጡ ገዢዎች በቀጥታ ሲሸጥ የተገዛ አክሲዮን አብዛኛውን ጊዜ አራት ወር ከአንድ ቀን ሳይሞላው ገበያ ላይ አይሸጥም። ያ ቀን ሲደርስ አክሲዮኑን ሸጠው ዋራንቱን ብቻ የሚያስቀሩ ስላሉ ዋጋው ይጫናል። ቀኑን ቀን መቁጠሪያ ላይ ምልክት አድርጉበት።

የደላሎች መመሪያ «መጀመሪያ የትርፍ ድርሻ ታሪኩን እዩ» ይላል። ለዚህ ዓይነቱ አክሲዮን አልስማማም። የአክሲዮን መረጃ ገጾች ላይ የትርፍ ድርሻ መቶኛ ብታዩም ቶሎ አትመኑ፤ ምናልባት ኩባንያው ለሁለት ተከፍሎ አንድ ጊዜ የታደለ የአዲስ ኩባንያ አክሲዮን ሊሆን ይችላል። 2013 ላይ ዴኒሰን የተባለው የዩራኒየም ኩባንያ ፊሽን ኢነርጂን ሲገዛ፣ የፊሽን ኢነርጂ ባለአክሲዮኖች የአዲሱን የፊሽን ዩራኒየም አክሲዮን ያገኙት እንዲህ ነው። በየዓመቱ የሚደጋገም ገቢ አይደለም።

ጥሬ ገንዘብ የሚፈልግ ሰው ወደ አምራቾቹ ይሂድ፣ እዚያም ተጠንቅቆ። የካናዳው አምራች ካሜኮ 2018 ላይ የማካርተር ሪቨር ማዕድን ማውጫውን ሥራ ሲያቆም፣ በዓመት 0.40 የካናዳ ዶላር የነበረውን ክፍያ ወደ 0.08 አውርዶታል። ከካናዳ ውጭ ለሚኖር ሰው ደግሞ የግብር ስምምነት ከሌለ 25 በመቶ ከምንጩ ይቀነሳል።

አሁን ከመግዛቴ በፊት አምስት ቁጥር በአንድ መስመር እጽፋለሁ፦ በእጅ ያለ ገንዘብ፣ ከዚያ ውስጥ የፍሎው ስሩ ድርሻ፣ የሁለቱ ክፍሎች የሩብ ዓመት ወጪ ድምር፣ የዛሬ ሦስት ዓመት የነበረው የአክሲዮን ብዛት፣ ዋራንትና ኦፕሽን (ለኃላፊዎችና ለሠራተኞች የሚሰጥ ተመሳሳይ የመግዛት መብት) ተጨምሮበት ያለው የዛሬው ብዛት። ገንዘቡ ከአራት ሩብ ዓመት በታች የሚያቆይ ከሆነ አልገዛም፤ አዲሱ ሽያጭ እስኪታወጅ እጠብቃለሁ።