«ዝጋልኝ» ስል የኖርኩባቸው ሙዚቀኞች

ክራር መማር ከጀመርኩ አሥራ አራት ወር ሆነኝ። ዛሬ ስለ ጣቶቼ አልጽፍም። ጣቶቼ ያው ናቸው፤ እንደ ኤሊ እየሄዱ ነው። የተለወጠው ጆሮዬ ነው። ስማቸው ሲነሳ ፊቴ የሚጠቁርባቸው ሙዚቀኞች ነበሩ። አሁን ማታ ማታ እነሱን ከፍቼ ተቀምጬ ራሴን አገኘዋለሁ። እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ፤ ምናልባት ከእናንተም መካከል አንዱን ይጠቅም ይሆናል።

ከአባቴ ካሴት ልጀምር። አባቴ እሁድ ጠዋት ቡና ሲፈላ ቴፑን ይከፍታል። ማንም ቢዘፍን ጠብ የለም። አንዱ ካሴት ሲገባ ግን ቤቱ ለሁለት ይከፈላል። የጌታቸው መኩሪያ ሳክስፎን ነው። ዘፋኝ የለው፣ ግጥም የለው። ይጮኻል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ትንፋሹ አለቀ ስትሉ እንደገና ይነሳል። እናቴ ከረከቦቱ ቀና ብላ «ኧረ ይሄን የሚጮህ ነገር ዝጋልኝ!» ትላለች። እኔ ሁሌም ከእሷ ጋር ነበርኩ። አባቴ መልስ አይሰጥም። ድምፁን ትንሽ ቀነስ ያደርገዋል እንጂ አይዘጋውም።

ሦስተኛው ወር ላይ የክራር መምህራችን ስለ ሽለላና ፉከራ እያስረዱን ነበር። ጋሼ ነው የምንላቸው። የጌታቸውን ስም ሲያነሱ አላስችል አለኝና «ጋሼ፣ እኔ እሱን ሰውዬ አልወደውም» አልኩ። አልተከራከሩኝም።

«ተነስ» አሉኝ።

ተነሳሁ።

«ዘራፍ በል።»

አልኩ። ለታክሲ ረዳት «መልሴን» እንደሚል ሰው ነው የወጣልኝ። ክፍሉ በሳቅ ሞተ። እንደገና አስባሉኝ። ከሆድህ አውጣው፣ ከላይ ያዘው፣ አታውርደው፣ እዚያው ላይ ይንቀጥቀጥ፣ ትንፋሽህ ሊያልቅ ሲል ቃሉን አጣድፈህ ቁረጠው። አምስተኛው ላይ አንድ ነገር ወጣ። ጥሩ አልነበረም፤ ግን ደረቴ ውስጥ አስተጋባ። ወዲያው ስልካቸውን አውጥተው ያን ሳክስፎን ከፈቱት።

ጩኸት አልነበረም። ሰው ነበር። ከላይ የሚይዘው፣ እዚያው የሚንቀጠቀጠው፣ መጨረሻ ላይ ተጣድፎ የሚቆርጠው፣ አሁን እኔ አቅቶኝ ስታገልበት የነበረው ነገር ነው። የሳክስፎን ዜማ እየጠበቅኩ ሠላሳ ዓመት አለፈኝ። ሰውየው ግን የፎካሪን ጉሮሮ ነበር በብረት የሚያወጣው።

ከዚያ በኋላ ነው ታሪኩን የፈለግኩት። ጌታቸው እ.ኤ.አ. በ1935 የተወለደ የይፋት ሰው ነው። ልጅ ሆኖ የጀመረው በክራርና በማሲንቆ ነው። ክላርኔትና ሳክስፎን ኋላ የመጡ ናቸው። በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ባንድ ገና በጉርምስናው ገባ፤ ቀጥሎ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ ከዚያ የፖሊስ ኦርኬስትራ። መድረክ ላይ የአንበሳ ጎፈር አድርጎ ይወጣ ነበር፤ እንደ ጀግና። የውጭ ሰዎች አጨዋወቱን ሲሰሙ ከአሜሪካ ፍሪ ጃዝ ጋር ያመሳስሉታል። ለእኔ ግን አባቴ ሲሰማ የነበረው ጃዝ አይመስለኝም። ፉከራ ነው የሰማው። ጌታቸው ሰባ ሊሞላው አካባቢ ዘ ኤክስ ከሚባሉት የኔዘርላንድ ፓንክ ተጫዋቾች ጋር ተጣምሮ አውሮፓን ሲዞር፣ እ.ኤ.አ. በ2006 አብረው አልበም አወጡ። ያንንም ሰማሁት። ጊታሮቹ እንደ ጭፍራ ከኋላው ይከተሉታል። እ.ኤ.አ. በ2016 ነው ያረፈው።

አባቴ ጋ ደውዬ «አሁን ገባኝ» አልኩት። ረጅም ነገር ይናገራል ብዬ ጠብቄ ነበር። «ታዲያ ካሴቴን ማን ወሰደብኝ?» አለኝ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። ታሪክ ማንበብ ብቻውን አልሠራልኝም። የማልወደውን ሙዚቀኛ የሕይወት ታሪክ አንብቤ የማከብረው ሆኜ ተነስቻለሁ፤ የምወደው ግን አልሆንኩም። የሠራው ሁልጊዜ በአካል መሞከር ነው፤ በጉሮሮ፣ በጣት፣ በእጅ ማጨብጨብ። ስለዚህ የሚከተሉትን ሁለቱን በዚያው መንገድ ነው የሄድኩባቸው።

እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ። መጀመሪያ የሰማኋቸው አንድ ካፌ ውስጥ ነው። ፒያኖ የሚማር ሰው እየተለማመደ መሰለኝ። ይጀምራል፣ ይቆማል፣ ይሄዳል፣ ይደናቀፋል። ወዳጄ «እኚህ እኮ እማሆይ ናቸው» ብሎ በአድናቆት ሲያየኝ ዝም አልኩ። ደስ ያላለውን ሰው እንደ መሀይም የሚያስቆጥር ሙዚቃ ያናድደኛል። ያን ጊዜ ያናደደኝ ይሄ ነበር፤ ሙዚቃው ብቻ አይደለም።

ታኅሣሥ ላይ ስልኬ ላይ ሜትሮኖም (ምት እየመታ የሚቆጥር መሣሪያ) ከፍቼ ልቆጥራቸው ተነሳሁ። አንድ ሳምንት ሙሉ አንድ ቁራጭ። አልተቻለም። አራተኛው ምት ላይ ስደርስ እሳቸው የሉም። ሜትሮኖሙን ዘጋሁና በእጄ አጨበጨብኩ። ያኔ ነው ያስተዋልኩት፤ ግራ እጃቸው በእርጋታ እየረገጠ ይሄዳል፣ ቀኝ እጃቸው ግን ሲፈልግ ይዘገያል። መሳት አይደለም። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ዜማ ሲቆም የሰማ ሰው ያውቀዋል፤ ቃሉ እስኪያልቅ ምቱ ይጠብቃል እንጂ ቃሉ ምቱን አይጠብቅም። እማሆይ በልጅነታቸው ስዊዘርላንድ ቫዮሊን ተምረዋል፤ ኋላም ካይሮ ከፖላንዳዊ መምህር ዘንድ። ከዚያ ሁሉን ትተው ግሸን ማርያም ገቡ፤ አሥር ዓመት በባዶ እግራቸው። ጎንደር ላይ ደግሞ የቅዱስ ያሬድን ዜማ አጥንተዋል። የአውሮፓውን የጣት ሥርዓትና የያሬድን ትዕግሥት አንድ ፒያኖ ላይ ሲያገናኙት ነው እኔ «ይደናቀፋል» ያልኩት።

ሁለተኛው ሙከራ ይሻላል። የቀኝ እጃቸውን ዜማ ክራሬ ላይ ልፈልገው ተነሳሁ። ክራሬ በትዝታ የተቃኘ ነው፤ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ። እሳቸው ከዋናው ድምፅ ዙሪያ የሚረጯቸው ፈጣን ጥቃቅን ድምፆች ክራሬ ላይ የሉም፤ አውታሩ የለኝም። ስለዚህ ዘለልኳቸው። አጥንቱ ብቻ ሲቀር አያቴ ሽሮ ስታማስል የምታንጎራጉረው ዓይነት ነገር ወጣ። ይሄ ነው እንዴ? አልኩ። ከዚያ ቅጂውን ከፍቼ ጥቃቅኖቹን በየቦታቸው መልሼ ሰማኋቸው። ማሲንቆ ጣቱን አንሸራቶ የሚያደርገውን ማንሸራተት፣ ፒያኖ ማንሸራተት ስለማይችል በጥቃቅን ድምፆች እየሞሉት ነው። ይሄ የእኔ ግምት ነው፤ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ሌላ ዓይነት አድርጌ መስማት አልቻልኩም። እማሆይ እ.ኤ.አ. በ2023 ኢየሩሳሌም ባለው የኢትዮጵያ ገዳም በ99 ዓመታቸው አረፉ። ጀማሪ ከሆናችሁ ኢትዮፒክስ የሚባለው የኢትዮጵያ ሙዚቃ ተከታታይ አልበም 21ኛው ቅጽ ሙሉ በሙሉ የእሳቸው ነው። ግን አንድ ቁራጭ ለአንድ ሳምንት። ሁሉን በአንድ ቀን ከሰማችሁ ወደ ካፌ ሙዚቃነት ይመለስባችኋል።

በገና ላይ የነበረኝ ችግር ደግሞ የሙዚቃ አልነበረም። የሁዳዴ ነበር። በእኛ ቤት ጾም ሲገባ ዘፈን ይዘጋል፤ የሚቀረው በገና ነው። ለአሥር ዓመት ልጅ በገና ማለት «ዘፈን የለም» ማለት ነው። በዚያ ላይ የሚነዝረው ድምፁ። የቴፑ ስፒከር የተቀደደ ይመስለኝ ነበር። እውነቴን ነው፤ አንድ ጊዜ ከኋላው ከፍቼ ልጠግን ሞክሬ ተገርፌያለሁ።

መጋቢት ላይ ጋሼ ጓደኛቸውን ይዘው መጡ፤ በገና ደርዳሪ። አሥር አውታር። ከአውታሩና አውታሩ ከሚያርፍበት ብርኩማ መሀል ትናንሽ የቆዳ ቁራጮች ገብተዋል። እንዚራ ይባላሉ። «ና አንዷን ንካት» አሉኝ። ትንሽ ሳብ አደረግኳት። የዚያ አውታር ንዝረት ጠፋ፤ ድምፁ እርቃኑን ቀረ። ቀጭን፣ ደካማ። መልሼ ገፋኋት፤ አውታሩ እንደገና ማጉረምረም ጀመረ። ልጅ ሆኜ እንደ ብልሽት የቆጠርኩት ነገር ተፈልጎ፣ በቆዳ ተለክቶ የሚገባ ነው። ይስተካከል ዘንድ ብዙ ሰዓት የሚፈጅበት ደርዳሪ አለ።

ያን ማታ የመጋቤ ስብሐት ዓለሙ አጋን ቅጂ ከፈትኩ። በ12 ዓመታቸው ከጎረቤታቸው አለቃ ተሰማ ነው በገና መማር የጀመሩት። እ.ኤ.አ. ከ1972 እስከ 1980 ድረስም በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት አስተምረዋል። ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነው። ከንዝረቱ በላይ አይጮኹም፤ ውስጡ ገብተው ነው የሚናገሩት። መብራት አጥፍቼ ሰማሁ። ልተኛ ብዬ ነበር፤ አልተኛሁም።

አስናቀች ወርቁንም መጥቀስ አለብኝ፤ በአጭሩ። ክራሯ ከቅኝት የወጣ ይመስለኝ ነበር። ጥፋቱ የስልኬ መቃኛ ነው። ክራሬን ስድስት ወር ሙሉ በአፕ ነበር የምቃኘው። ጋሼ አንድ ቀን ስልኬን ኪሳቸው ከተቱና አንቺ ሆዬ የሚባለውን ቅኝት በጆሮዬ እንድቃኝ አደረጉ። አንቺ ሆዬ ጠመዝማዛ ነው፤ ዶ፣ ዝቅ ያለ ሬ፣ ፋ፣ ዝቅ ያለ ሶል፣ ላ። ለአንድ ሰዓት ያህል ላብ በላብ ሆንኩ። «አሁን ልክ ነው» ሲሉኝ ስልኩ «ልክ አይደለም» አለ። ጋሼ ስልኩን አይተው ሳቁበት። ከዚያ ወዲህ የአስናቀች ክራር ከቅኝት ወጥቶብኝ አያውቅም።

የከሰርኩትም አለ። አሥራ ስምንት ዓመቴ ላይ በቃሌ የያዝኳቸው የኪቦርድ ዘፈኖች አሁን ሁለተኛው አዝማች ላይ ያስዛጉኛል። ይሄ አላስደሰተኝም። የሚወዱትን ማጣት ነው። አንዳንዴ ሚኒባስ ውስጥ ድንገት ሲከፈቱ ያው ልጅነቴ ይመጣል፤ እሱ ይበቃል።

በማስታወሻ ደብተሬ ላይ የመጀመሪያውን ቀን የጻፍኳቸው አምስት ስሞች ነበሩ። አራቱ ተሰርዘዋል። አምስተኛው በሕይወት ያለ፣ ሁሉም የሚወደው ዘፋኝ ነው፤ ስሙን አልጠራም። አብሬው ዘፍኛለሁ፣ አጨብጭቤያለሁ፣ ክራር ላይ ፈልጌዋለሁ። ስድስት ጊዜ። ምንም የለም። ጋሼን ስጠይቃቸው «እኔም አልወደውም» አሉኝ። ሰባተኛውን ኅዳር ላይ እሞክራለሁ፤ እስከዚያው ግን የግራ እጄ ጣቶች አውታሩን በሰዓቱ አፍነው አለመልቀቃቸው ነው የሚያስጨንቀኝ። በግርፍ (አውታሮቹን በአንዴ እየመቱ በመጫወት) ላይ ይሄ ችግር የነበረበት ካለ እንዴት እንዳለፈው ይንገረኝ።