ቱዶስ በአምስት ደቂቃ፣ ልጅ ይዤ

ልጅ ከመውለዴ በፊት ኮምቦልቻ፣ አንድ የቻይና ኮንትራክተር ካምፕ ውስጥ ዕቃ ግምጃ ቤት እሠራ ነበር። ምሳ እዚያው ነው የምንበላው። የወጥ ቤቱን ኃላፊ ሁላችንም «ሽፉ» እንለዋለን። ሼፍ ማለት መስሎኝ ስንት ጊዜ ቆየሁ፣ ለካ ቻይኖች ባለሙያን ሁሉ፣ ሾፌሩንም መካኒኩንም፣ በአክብሮት የሚጠሩበት ቃል ነው። አማርኛው «ቶሎ ቶሎ» እና «ችግር የለም» ብቻ ነበር። በዚህችው የቻይና ምግብ አሠራር አስተማረኝ።

ከዚያ ወለድኩ፣ የሐረጎን ዳገት ወጥቼ ደሴ ገባሁ፣ እና ቤቴ ውስጥ ስሞክረው ነገሩ ሁሉ ተበላሸ።

ምክንያቱ ቆይቶ ነው የገባኝ። ወጥ ታጋሽ ነው። ሽንኩርቱን ጥጄ ልጄን አጥባለሁ፣ ሊያር ሲል ውሃ ጠብ አደርግበታለሁ፣ ይቀጥላል። የቻይና ምግብ እሳት ላይ ከወጣ ማንንም አይጠብቅም። መጀመሪያ ቀን ዘይቱ ግሎ፣ ነጭ ሽንኩርቱን ጨምሬ ዞር ስል ልጄ የበርበሬ ጣሳ ከፍታ እጇን ዓይኗ ውስጥ ከታዋለች። ታጥባ፣ ተባብላ፣ ዝም እስክትል ነጭ ሽንኩርቱ ከሰል ሆኖ ቤቱ በጭስ ታፍኗል። በሌላ ቀን በአንቀልባ አዘልኳትና ዘይት ተፈናጥሮ ክንዴን አቃጠለኝ። ትንሽ አልፎ ቢሆን እግሯ ላይ ነበር። ከዚያ ወዲህ አዝዬ ጠብሼ አላውቅም።

አሁን የመክተፉን ሥራና የእሳቱን ሥራ ለያየሁት። ቀን ስትተኛ ሁሉን ነገር ከትፌ በየሳህኑ አስቀምጣለሁ፣ ሶሱንም በሻይ ብርጭቆ እበጠብጣለሁ፦ ሁለት ማንኪያ ሶያ ሶስ፣ ትንሽ አቼቶ፣ ቁንጥር ስኳር፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ኮርን ስታርች። ማታ ባለቤቴ ገብቶ ልጅቷን ሲይዝልኝ አምስት ደቂቃ ትበቃኛለች። አንድ ነገር ግን፣ የኛ ስቶቭ እንደ ካምፑ ጋዝ አይነድም፤ ሁሉን ባንዴ ከጨመርኩት ውሃ አውጥቶ ይቀቀላል እንጂ አይጠበስም። ለሁለት ከፍዬ ነው የምጠብሰው።

ብዙ ጊዜ የምሠራው ቱዶስን ነው፣ ድንች በአቼቶ። ድንቹን እንደ ክብሪት እንጨት አቅጥኖ መክተፍ፣ ከዚያ ውሃው እስኪጠራ ሦስት አራት ጊዜ ማጠብ። ያ ነጭ ውሃ ስታርቹ ነው፣ ካልወጣ ድንቹ መጥበሻው ላይ ይጣበቃል። በደንብ ይንጠፍ። ዘይቱ ሲግል ነጭ ሽንኩርትና አንድ ዛላ በርበሬ፣ ወዲያው ድንቹ፣ ወዲያው አቼቶው። አቼቶ ድንቹ እንዳይልም ይይዘዋል፣ ስንበላው ቀጭ ቀጭ እንዲል። አማቴ መጀመሪያ ስትቀምሰው «የኔ ልጅ፣ ይሄንን ለእሳት አሳየሽው እንጂ መች አበሰልሽው» አለችኝ። አሁን ራሷ ሚጥሚጣ ነስንሳ በእንጀራ ትበላዋለች። የልጄን ድርሻ ግን አቼቶ ሳልጨምር አስቀርቼ በትንሽ ውሃ አለሰልሳለሁ፣ ጠንካራው ያንቃታል።

ሶያ ሶስም እንደዚሁ። አንድ የሾርባ ማንኪያ ውስጥ ከ2 ግራም በላይ ጨው አለ፣ ለትንሽ ልጅ ብዙ ነው። ስለዚህ ሶሱ ከመግባቱ በፊት ድርሻዋ ይወጣል። የምትወደው እንቁላል በቲማቲም ነው፤ ከኛ ፍርፍር የሚለየው እንቁላሉ ለብቻው ተጠብሶ ይወጣና ቲማቲሙ በቁንጥር ስኳር ሲፈርስ ተመልሶ መግባቱ ነው። ጉንፋን ሲይዛት ደግሞ አንድ ስኒ ሩዝ በአሥር ስኒ ውሃ ከዝንጅብል ጋር እስኪሟሟ አበስልላታለሁ። የነሱ አጥሚት በሉት።

ሩዝ ካነሳን፦ ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ስለሆነ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ኮምቦልቻ የተማርኩት የሩዝ ሰዓት እዚህ አልሠራም፣ መሐሉ ጥሬ እየሆነ አስቸገረኝ። ውሃና ጊዜ ጨምሬ ተስተካከለ። ሩዝ በእንቁላል ለመጥበስ ያደረ ሩዝ ይሻላል፣ ግን እንደበሰለ ቶሎ ቀዝቅዞ ፍሪጅ መግባት አለበት። ውጭ ያደረ ሩዝ ላይ የሚራባው ባክቴሪያ መርዙ ቢሞቅም አይጠፋም። ማታ መብራት ሄዶ ካደረ እደፋዋለሁ፣ አንጀቴ እያረረ።

እኛ ቤት አሳማም የወይን መጠጥም አይገባም፣ ሽፉ ሁለቱንም ይወድ ነበር። የሺንጂያንግ ሙስሊሞች በግ በከሙን የሚጠብሱት አለ፣ እሱ ለወሎ ቤት የተሠራ ነው የሚመስለው።

ባለፈው እሁድ ጅያውዝ ሞከርኩ፣ በሊጥ የሚጠቀለለውን። ሃያ አስቤ አሥራ አንድ ወጣልኝ፣ የቀረውን ሊጥ ልጄ ወለል ላይ ዳመጠችው። ከአሥራ አንዱ ሦስቱ ውሃ ውስጥ ተፈቱ። ሾርባውን ጠጣነው።