አንድ ዓመት ከአንድ ቀን

«ውሃ» አሉኝ ሽማግሌው። ትንሽ አሰቡና «እሺ» አሉ። ከዚያ ደግሞ «ሐረር»።

ያለነው ማያሚ ነው። ትንሿ ሃቫና የሚባለው ሰፈር፣ ካዬ ኦቾ የሚሉት ጎዳና ላይ። ፓርኩ ማክሲሞ ጎሜዝ ይባላል፤ ሰው ግን የሚያውቀው ዶሚኖ ፓርክ ብሎ ነው። ሽማግሌዎች አራት አራት ሆነው ከጠዋት ጀምረው ይጫወታሉ። ጠጠሩን ጠረጴዛው ላይ ሲያሳርፉት ድምፁ መንገድ ማዶ ድረስ ይሰማል። አጥር ተደግፌ ሳይ አንዱ ከየት እንደመጣሁ ጠየቁኝ። «ኢትዮጵያ» ስላቸው የያዙትን ጠጠር አስቀመጡ።

በ1978 ኦጋዴን ነበሩ። (ቀኖቹንና ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፋቸው።) ያኔ የሃያ ዓመት የኩባ ወታደር ናቸው። እኛ ካራማራ ብለን በየዓመቱ የምናስበውን ጦርነት እሳቸው የሚያስታውሱት በውሃ ጥም ነው። ያቺ ቃል እስከ ዛሬ ያልጠፋቻቸው ለዚህ ነው። አዲስ አበባ፣ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ፊት ለፊት ትግላችን ሐውልት አለ፤ እዚያ ለወደቁት ኩባውያንም መታሰቢያ ተሠርቷል አልኳቸው። አያውቁም ነበር። ሁለት ጊዜ አስደገሙኝ። ከዚያ የአንድ ጓደኛቸውን ስም ጠርተው ዝም አሉ።

«መንግሥት ላከኝ፣ ሄድኩ» አሉኝ በኋላ። «ከዚያው መንግሥት ደግሞ በ1994 በባሕር አመለጥኩ።»

የመጡት በጀልባ አይደለም። የጭነት መኪና የውስጥ ጎማዎችን ነፍተው፣ ከእንጨት ጋር በገመድ አስረው ነው። በዚያ ዓመት በጋ 35,000 ያህል ኩባውያን እንዲህ ባሕር ገብተዋል። ባልሴሮ ይሏቸዋል። ሽማግሌውን የአሜሪካ የባሕር ጠረፍ ጠባቂዎች መሐል ባሕር ላይ አንስተው ጓንታናሞ ወሰዷቸው። ከዓመት በላይ ድንኳን ውስጥ ተቀመጡ። ከዚያ ማያሚ እንዲገቡ ተፈቀደላቸው። የመኖሪያ ወረቀታቸውን ያገኙትም ብዙ ሳይቆዩ ነው።

ማያሚ የሄድኩት ስለዚህ ወረቀት ስል ነው ብል ማጋነን አይሆንም።

ቨርጂኒያ ውስጥ ኤርፖርት ነው የምሠራው። አንዲት ኩባዊት ባልደረባ አለችኝ። አንድ ሌሊት ፈረቃ ላይ ስለ አሳይለም (የጥገኝነት ጥያቄ) ኬዜ አወራኋት። ሰባት ዓመት ነው የፈጀው። እናቴ ስትታመም መሄድ አልቻልኩም፤ ሰባቱንም ዓመት በስልክ ነው ያየኋት። ባልደረባዬ አዳመጠችኝና፣ የእሷ ስንት እንደፈጀ ስጠይቃት አንገቷን ደፋች። «አንድ ዓመት ከአንድ ቀን» አለች።

ቀናሁ። እውነቱ እሱ ነው። ለብዙ ቀን ከአእምሮዬ አልወጣም። ከዚያ ኩባውያን ቶሎ ወረቀት ስለሚያገኙበት ሕግ ማንበብ ጀመርኩ። የዓመት ፈቃዴን ስወስድ ማያሚ ላሉት አክስቷ እቃ እንዳደርስላት ጠየቀችኝ። እንዲህ ነው የሄድኩት፤ አንድ ሻንጣ የራሴ፣ አንድ ሻንጣ የእሷ።

ሕጉን ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን የፈረሙት ኅዳር 2 ቀን 1966 ነው። በአጭሩ እንዲህ ይላል። አንድ ኩባዊ በቪዛ ወይም ፓሮል በሚባለው ጊዜያዊ የመግቢያ ፈቃድ አሜሪካ ከገባ፣ የተወሰነ ጊዜ ከቆየ በኋላ ግሪን ካርድ መጠየቅ ይችላል። ጊዜው መጀመሪያ ሁለት ዓመት ነበር፤ በኋላ ወደ አንድ ዝቅ አለ። እኔ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ ያለቀስኩበትን ያንን የአሳይለም ቃለ መጠይቅ፣ ማን እንደመታህ፣ ስንት ቀን እንደታሰርክ፣ ማስረጃህ የታለ የሚለውን፣ ይህ ሕግ አይጠይቅም። ኩባዊ መሆንህ ይበቃል።

በ1995 ደግሞ አንድ አሠራር ተጨመረ። «እርጥብ እግር፣ ደረቅ እግር» ይሉታል። ባሕር ላይ የተያዘ ይመለሳል፤ አሸዋውን የረገጠ ይቀራል። ፕሬዚዳንት ኦባማ ሥልጣን ሊለቁ ሳምንት ሲቀራቸው፣ ጥር 12 ቀን 2017 አስቀሩት። የ1966ቱ ሕግ ግን አልተነካም። ዛሬም አለ።

መሐል ከተማ ቢስኬን ጎዳና ላይ የነፃነት ማማ የሚሉት ቢጫ ሕንፃ አለ። በ1925 ለጋዜጣ የተሠራ ነው። ከ1962 እስከ 1974 የኩባ ስደተኞች መቀበያ ሆነ። ሕክምና፣ ምግብ፣ ጥቂት ገንዘብ፣ ሥራ ወዳለበት ከተማ መሄጃ፣ ሁሉም ከዚያ ይገኝ ነበር። ሽማግሌዎቹ ሲያልፉበት «ኤል ሬፉሂዮ» ይሉታል፤ መጠለያው ማለት ነው። እኔ ፊት ለፊቱ ቆሜ ብዙ አሰብኩ። የኩባውያንን ጥንካሬ ሁሉም ያወራል፣ ልክ ነው፣ ጠንካሮች ናቸው። ግን ሲደርሱ በር የከፈተላቸውና እጅ የዘረጋላቸው መንግሥት ነበር። ያንን ያገኘ ሕዝብ በአንድ ትውልድ ሱቅ ከፍቶ፣ ቤት ገዝቶ፣ ከንቲባ ቢመርጥ አይገርመኝም። ከዚያው ከተማ ትንሿ ሄይቲ የሚባል ሰፈርም አለ። ሄይቲያውያንም በዚያው ባሕር፣ በዚያው ዓይነት ጀልባ መጡ። ለእነሱ የ1966 ሕግ አልነበራቸውም።

ስለ ቡናው ሳልናገር አላልፍም። ከሱቆቹ ፊት ቬንታኒታ የሚሉት መስኮት አለ፤ ቆመህ ነው የምትጠጣው። ኮላዳ ስትል አንድ ትልቅ ኩባያ ቡና፣ ከጎኑ ደግሞ እንደ ሲኒያችን እንኳ የማይሆኑ ትንንሽ የፕላስቲክ ኩባያዎች ይሰጡሃል። ለብቻህ እንድትጠጣው አይደለም። የማታውቀውም ቢሆን አጠገብህ ለቆመው ትቀዳለታለህ። የመጀመሪያውን ጠብታ ከስኳር ጋር እየመቱ አረፋ ያወጡለታል። ጣፋጭ ነው፣ ብርቱ ነው። ማንም ሳያስተዋውቀኝ ሦስት ሰው ቀዳልኝ። ከአገሬ ከወጣሁ ጀምሮ ቡና ላይ እንዲህ ቤተኛ ሆኜ አላውቅም።

በዚያ መስኮት ዙሪያ የሚወራው ፖለቲካ ነው። ከ1971 ጀምሮ ያለው ቬርሳዬስ ምግብ ቤት ፊት ለፊት፣ የኩባ መሪ የነበሩት ፊደል ካስትሮ በ2016 ሲሞቱ ሰው ድስት እየደበደበ ሌሊቱን እንዳደረ አንዱ እየሳቀ ነገረኝ። 13ኛው ጎዳና ላይ ደግሞ የማይጠፋ እሳት የሚነድበት ሐውልት አለ። የብርጌድ 2506 ነው። ሚያዝያ 1961፣ 1,400 ያህል ስደተኞች በሲአይኤ ሰልጥነው ኩባን ሊያስለቅቁ ሄዱ። በሦስት ቀን ተሸነፉ። ከመቶ በላይ ሞቱ፣ ወደ 1,200 ተማረኩ። ተስፋ ያደረጉትን የአየር ድጋፍ ፕሬዚዳንት ኬኔዲ እንዳስቀረባቸው እስከ ዛሬ ይናገራሉ። ብዙዎቹ ሪፐብሊካን የሆኑት ከዚያ ቁስል ጀምሮ ነው። በ2000 ከኩባ በባሕር የመጣው ሕፃን ኤሊያን ጎንዛሌዝ ከዚሁ ሰፈር ዘመዶቹ ቤት በታጠቁ የፌዴራል መንግሥት ወኪሎች ተወስዶ ወደ አባቱ ሲመለስ ቁስሉ እንደገና ተከፈተ። በዚያው ዓመት የፕሬዚዳንቱ ምርጫ ፍሎሪዳ ላይ በ537 ድምፅ ተወሰነ። የእነዚህን ሰዎች ኩርፊያ ማንም ችላ ሊለው አይችልም።

ሃያሊያ የሄድኩት በሦስተኛው ቀን ነው። ከማያሚ ጎን ያለች ከተማ ናት። ፋርማሲ ገብቼ በእንግሊዝኛ ስጠይቅ ሻጯ ልጇን ከጓዳ ጠራች። በ1980 ማያሚና ሃያሊያ ያሉበት ካውንቲ (አውራጃ እንደማለት ነው) በመንግሥት ሥራ ከእንግሊዝኛ ሌላ ቋንቋ እንዳይሠራበት የሚከለክል ደንብ በሕዝብ ድምፅ አውጥቶ ነበር። በ1993 ተሻረ። የሻረው ደግሞ ኩባውያን ወንበር የያዙበት ምክር ቤት ነው።

የባልደረባዬ አክስት በር ላይ ጠበቁኝ። አቀፉኝ፣ ጉንጬን ሳሙኝ፣ ሻንጣውን ሳያዩ «በላህ?» አሉኝ። የልጅ ልጃቸው ናት የምታስተረጉመን። በስፓኒሽ ሲያናግሯት በእንግሊዝኛ ትመልሳለች። ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያሉትን የዘመዶቼን ልጆች አስታወሰችኝ፤ አማርኛ ይሰማሉ፣ መልሱ ግን በእንግሊዝኛ ነው።

ጥቁር ባቄላ በሩዝ፣ ተሰንጥቆ የበሰለ ሥጋ፣ የተጠበሰ ሙዝ ቀረበ። አክስቷ የመጡት በ1980 በማሪዬል ነው። በዚያ ዓመት ካስትሮ የማሪዬልን ወደብ ከፍተው መሄድ የፈለገ ይሂድ አሉ። በስድስት ወር 125,000 ያህል ሰው ባሕሩን ተሻገረ። ካስትሮ ከእስር ቤት ያወጧቸውንም ስለቀላቀሉባቸው የሁሉም ስም ጠፋ። እሳቸው ያኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው። አንድ ቀሚስ ይዘው፣ ስታዲየም ውስጥ ተኙ። «ነጩ አይደለም የናቀኝ» አሉኝ። «ቀድመውኝ የመጡት የራሴ ሰዎች ናቸው። ማሪዬሊታ ናት፣ ቤት አታከራዩአት ይሉ ነበር።» ይህን ሲናገሩ ድምፃቸው ተለወጠ። አርባ አምስት ዓመት አልፎታል።

የባለፈውን ምርጫ አልደበቁኝም። ትራምፕን ነው የመረጡት። በ2024 ማያሚ ዴድ ካውንቲ ለሪፐብሊካን ፕሬዚዳንት ድምፅ ሰጠ፤ ከ1988 ወዲህ የመጀመሪያው ነው። ማያሚ የተወለደው፣ የኩባ ስደተኞች ልጅ ማርኮ ሩቢዮም የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆነ። «ሶሻሊዝም የሚለውን ቃል ስሰማ ሆዴ ይረበሻል» አሉኝ። ይገባኛል። እናቴ ዛሬም «አብዮት» ስትል ድምጿን ዝቅ ታደርጋለች።

የወንድማቸው ልጅ ግን ምግቡን አልነካም።

እሱ የመጣው በ2022 ነው። ኒካራጓ ለኩባውያን ቪዛ ካስቀረች በኋላ ብዙ ሺህ ሰው ወደዚያ በረረ፣ ከዚያ በእግርና በአውቶቡስ እስከ አሜሪካ ድንበር። እሱና ሚስቱም እንደዚያው። ወንዙን እጅ ለእጅ ተያይዘው ነው የተሻገሩት። ያው ቀን፣ ያው ጣቢያ። ሲለቀቁ ለእሷ የተሰጣት ፓሮል ነው። ለእሱ ደግሞ አይ-220ኤ የሚባል ቅጽ ሰጡት፤ ስትጠራ ትመጣለህ የሚል የመለቀቂያ ወረቀት። ያኔ ልዩነቱን ማንም አላስረዳቸውም። እሷ ዓመት ከአንድ ቀን ሲሞላት አመለከተች፣ ግሪን ካርዷን አገኘች። እሱ ሲያመለክት አይሆንም ተባለ። መስከረም 2023 የኢሚግሬሽን ይግባኝ ቦርድ እንዲህ ያለው መለቀቅ ፓሮል አይደለም ብሎ ወሰነ። ፓሮል ካልሆነ የ1966ቱ ሕግ አይነካውም። በሚስቱም በኩል አልሆነም፤ እሱ ራሱ በቪዛ ወይም በፓሮል የገባ መሆን አለበት።

አሁን የቀረችው አሳይለም ናት። የእኔ መንገድ። የጭነት መኪና ይነዳል፣ ግብር ይከፍላል፣ የስምንት ወር ሴት ልጅ አለችው። ቀጠሮ በደረሰ ቁጥር ግን ቁልፉንና የባንክ ካርዱን ለሚስቱ ሰጥቶ ነው የሚወጣው። በ2025 ለቀጠሮ ሄደው በዚያው የታሰሩ ባለ አይ-220ኤ ሰዎች አሉ። ቀጣዩ ቀጠሮው ማክሰኞ ነበር።

አክስትየውን በምርጫቸው ልወቅሳቸው አልቻልኩም። ግን አንድ ነገር ነገርኳቸው። ባልና ሚስት በአንድ ወንዝ ተሻግረው፣ የጣቢያው ሠራተኛ እጁ ላይ የገባለት ቅጽ ዕድሜያቸውን ሲለያየው ይህ ትክክል አይደለም አልኩ። የልጅ ልጃቸው ስታስተረጉም ቃሉን ፈልጋ ቆየች። እሳቸው ሰምተው ሳህኑን ወደ ልጁ ገፋ አደረጉለት። «ብላ» አሉት። «እኔም ማሪዬሊታ ነበርኩ።»

እሑድ ኤርሚታ የሚሉት ቤተ ክርስቲያን ወሰዱኝ። ባሕሩ ዳር ነው። የኩባ ጠባቂ የሚሏት የድንግል ማርያም ምስል በ1961 ከሃቫና በድብቅ ወጥታ እዚያ ተቀምጣለች። ሰው ሻማውን ለኩሶ ሲያበቃ ውጭ ወጥቶ ወደ ውሃው ያያል። አገራቸው በዚያ በኩል ናት። ልጁ ሕፃኗን ታቅፎ ብዙ ቆየ። ጫማዬን አውልቄ መግባት ለምዶብኝ ነበርና በራፉ ላይ ጎንበስ ስል አክስትየው አይተው ፈገግ አሉ። እኔም እንደ አገሬ አማትቤ ለእሱ ጸለይኩ፤ ለእናቴም።

ሰኞ ተመለስኩ። ማክሰኞ ከባልደረባዬ ጋር አንድ ፈረቃ ነበርን። ስልኳን ጠረጴዛው ላይ ፊት ለፊታችን አስቀመጠች። አራት ሰዓት ሆነ፣ አምስት ሰዓት ሆነ። እኔ የራሴን የቃለ መጠይቅ ቀን ነበር የማስበው። ከቀኑ ሰባት ሰዓት ሲሆን ጮኸ። አክስትየው ናቸው። አዳመጠች፣ «ሲ፣ ሲ» አለች፣ ከዚያ እጇን ግንባሯ ላይ አደረገች።

«ወጥቷል» አለችኝ። «ከስድስት ወር በኋላ ተመለስ ብለውታል።»

ተነስታ ወደ ቡና ማሽኑ ሄደች። ስትመለስ በአንድ እጇ አንድ ትልቅ ኩባያ ይዛለች፣ በሌላው ሁለት ትንንሽ።