ዕድር ያላስገባናቸው ጎረቤቶች

ያደግሁበት የጅማ ሰፈር ኦሮሞው፣ ዳውሮው፣ የሙ፣ ከፋው፣ ጉራጌውና አማራው በአንድ ዕድር የሚቀባበርበት ነው። በዚህ ሰፈር ከህንድ የመጡ የሂሳብ መምህር ከባለቤታቸው ጋር ስምንት ዓመት ኖረዋል። በመንገድ ሲያልፉ ሽማግሌዎች ሳይቀሩ ብድግ ይሉላቸው ነበር፤ ዕድር ይግቡ ያላቸው ግን አንድም ሰው አልነበረም። «ዝምተኞች ናቸው፣ ከሰው አይቀላቀሉም» እንል ነበር።

ይኸው «አይቀላቀሉም» የሚል ክስ በምሥራቅ አፍሪካ ከባድ ዋጋ አስከፍሏል። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. ከ1896 እስከ 1901 ከሞምባሳ እስከ ቪክቶሪያ ሐይቅ የዘረጉትን የባቡር ሐዲድ በአብዛኛው የሠሩት ከ30,000 የሚበልጡ ህንዳውያን ሲሆኑ፣ ወደ 2,500 የሚጠጉት እዚያው ሞተዋል። ብዙዎቹ ውላቸውን ጨርሰው ተመለሱ። የቀሩትና በኋላ ለንግድ የመጡት ግን ወልደው ከብደው፣ ልጆቻቸው ከዚያ ሌላ አገር ሳያውቁ አደጉ። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ1972 የኡጋንዳው ገዥ ኢዲ አሚን በዚያ የሚኖሩት በ90 ቀን አገሪቱን ለቅቀው እንዲወጡ አዘዘ፤ ሱቅና ቤታቸውን ጥለው በሻንጣ ተሰደዱ። ጎረቤት ኬንያ በአንጻሩ እ.ኤ.አ. በ2017 እስያዊ የዘር ሐረግ ያላቸውን ዜጎቿን 44ኛው የአገሪቱ ጎሣ ብላ በይፋ ተቀበለች። እጅግ የዘገየ ቢሆንም ትልቅ ነገር ነው እላለሁ፤ ምክንያቱም ፈቃድ የሰጠ መልሶ ሊነጥቅ ይችላል፣ ጎሣ የተባለን ግን «ወደ አገርህ ሂድ» ማለት ይከብዳል።

እኛ ለመምህሩ የሰጠናቸው የእንግዳ ክብር ነበር፤ እንግዳ ደግሞ አንድ ቀን እንደሚሄድ ይታሰባል። የባለቤታቸው እናት ህንድ አገር ሲሞቱ በሰፈራችን ጡሩምባ አልተነፋም፣ ድንኳንም አልተተከለም። እናቴ ወሬውን የሰማችው ከአንድ ወር በኋላ ነበር። በዚያው ዕለት ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ እኔን ዳቦ አስይዛ ሄደች። ሴትዮዋ በሩን ከፍተው ሲያዩን የነጠላው አለባበስ ግራ አጋባቸው፤ እናቴ በምልክት እያገዘች ስታስረዳቸው ግን እጇን ይዘው አለቀሱ።

ቆይታ «እንዴት ሳትነግሩን ቀራችሁ?» ብላ ጠየቀቻቸው።

መምህሩ አንገታቸውን ደፍተው በተሰባበረ አማርኛ «ለማን እንደሚነገር አላወቅንም» አሏት።