ጫማ የሌለበት ደጅ

ሰኞ ጧት 2 ሰዓት ተኩል ላይ ለአንድ አሣ አስጋሪ «ሲስተም የለም» አልኩት። ባንክ ቤት ይህችን ቃል ስሰማ ደሜ ይፈላል። ዛሬ ከራሴ አፍ ወጣች።

ሰውየው ከዘጌ በኩል በጀልባ ነው የመጣው፤ የ3 ወር ሒሳቡን ሊያይ። አልተቆጣም። ባርኔጣውን አወለቀና ጥግ ካለው አግዳሚ ላይ ተቀመጠ። «ግድ የለም፣ እስኪመጣ እጠብቃለሁ» አለኝ። ሲስተም የሚባል ሰው ሻይ ሊጠጣ ወጣ ብሎ ይመስል።

አሣ የምንረከብበት ቢሯችን ጣና ሐይቅ ዳር ነው። 5 ኮምፒዩተሮች አሉን፤ ዳታው ያለው ግን ጥጉ ላይ ያለው አሮጌው ላይ ነው። «ሰርቨር» እንለዋለን። ማዕረግ ሰጥተነው እንጂ ተራ ዴስክቶፕ ነው። እሱ ላይ አንድ ፎልደር ሁላችንም እንድንገባበት ሼር ተደርጓል። ፎልደሩ ውስጥ አንድ የአክሰስ ዳታቤዝ አለ፤ አክሰስ የማይክሮሶፍት የመዝገብ መያዣ ፕሮግራም ነው። የአሣ አስጋሪው ስም፣ ያስረከበው ቀረሶና አምባዛ በኪሎ፣ የተከፈለው ብር፣ የቀረበት ብድር፣ ሁሉም እዚያ ነው። ሒሳብ ክፍል ያሉት ጋሼ፣ ካሸሯ፣ ንብረት ክፍሉ ልጅና እኔ ከየወንበራችን እሱኑ አንድ ፋይል ከፍተን እንሠራለን። አንድ ጊዜ ወረቀት የጎረሰ ፕሪንተር ስላስለቀቅኩ የቢሮው «አይቲ» ሆኜ ቀርቻለሁ። ደመወዜ ግን ያው የጸሐፊ ነው።

መጀመሪያ ኬብል ነካካሁ። ሁሉም ሰው መጀመሪያ ኬብል ነው የሚነካካው። ነቀልኩ፣ ሰካሁ፣ እፍ አልኩበት። ኮምፒዩተሮቹን እርስ በርስ የሚያገናኘው የስዊቹ መብራቶች አረንጓዴያቸውን ብልጭ ድርግም ይላሉ፤ ጤነኛ ናቸው። ከዚያ ሰርቨሩን ፒንግ አደረግኩት፤ «አለህ ወይ?» ብሎ መጥራት ማለት ነው። በአይፒ ቁጥሩ፣ ማለትም በኔትወርክ አድራሻው፣ ስጠራው ዝም። በስሙ ስጠራው ወዲያው አቤት አለ።

ነገሩ ገባኝ። ዓርብ ከሰዓት መብራት ሄዶ ነበር። ሲመለስ አድራሻ አዳዩ ራውተርም እንደ አዲስ ተነሳና ለሰርቨራችን ሌላ ቁጥር ሰጠው። ራውተር እንደዚህ ነው፤ ቁጥሩን ካላሰሩለት ያሻውን ያድላል። እያንዳንዳችን ዴስክቶፕ ላይ ያለው የፋይሉ መክፈቻ (ሾርትከት) ደግሞ የተሠራው በድሮው ቁጥር ነው። ማን ሠራው? እኔ። እዚህ ባሕር ዳር ባጃጅ ተሳፍሮ የቤት ቁጥር የሚናገር ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? «ጊዮርጊስ ጋ»፣ «ፔዳ በር ላይ» ይባላል እንጂ። ኮምፒዩተርም በስሙ ሲጠራ ነው የሚሻለው። ሁለት ወደ ግራ ያዘመሙ ጭረቶች፣ ከዚያ የኮምፒዩተሩ ስም፣ ከዚያ የፎልደሩ ስም። መክፈቻዎቹን በዚህ ቀየርኩና ተጫንኩ። ተከፈተ!

«መጣ!» ብዬ ጮህኩ። ሰውየው ባርኔጣውን አንስቶ ቆመ።

«ኧረ የኔ እምቢ ብሏል!» አለች ካሸሯ ከወዲያኛው ክፍል።

ሄጄ አየሁት። ፋይሉ በሌላ ሰው ተይዟል ይላል። የኔን ዘጋሁት፤ የሷ ተከፈተ። አሁን ደግሞ የኔ እምቢ አለ። ንብረት ክፍሉ ልጅ ሞከረ፤ እሱም ተይዟል ተባለ። ካሸሯ ስትወጣ እሱ ገባ። ቀድሞ የገባ ይሠራል፣ ሌላው ደጅ ይጠናል። ለዓመታት አራታችንም አንድ ላይ ስንሠራበት የኖርን ፋይል ነው እኮ!

ሰውየው መልሶ ተቀመጠ።

እዚህ ላይ ያደረግኩትን ስጽፈው ራሱ ያሳፍረኛል። አክሰስ አንድን ፋይል በሁለት መንገድ ይከፍታል። አንዱ በጋራ ነው፤ ሌላው ለብቻ። ለብቻው የከፈተ ሰው እስኪወጣ ድረስ ማንም አይገባም። ይህን ስለማውቅ አንድ ሰው ነካክቶ ቀይሮታል ብዬ ደመደምኩ። ያ አንድ ሰው ማን ሊሆን ይችላል? ጋሼ ናቸዋ! ምሳ ሲሄዱ ኮምፒዩተራቸውን ክፍት ትተው የሚሄዱት እሳቸው፣ ማውሱን በሁለት እጅ የሚይዙት እሳቸው። በሩን ከፍቼ ገባሁና፣ ሰላምታ እንኳ ሳልሰጥ፣ «ጋሼ፣ እባክዎ ዳታውን ይዝጉልን፣ ሰው ቆሟል» አልኳቸው።

ቀና አሉ። ፊታቸው ያ ትልቁ ባሕር መዝገብ ተዘርግቷል። እሳቸው ኮምፒዩተር ከመጣ በኋላም እሱን አልተዉትም፤ ሁሉንም ሁለቴ ይጽፋሉ።

«ልጄ፣ እኔ እኮ ዛሬ ገና አላበራሁትም» አሉኝ።

ስክሪኑ ጥቁር ነው። ይቅርታ ብዬ ወጣሁ። ይቅርታዬ ግን ከአንገት በላይ ነበር፤ ዓርብ አበላሽተውት ይሆናል የሚለው ሐሳብ ገና ከውስጤ አልወጣም።

ከዚያ ሁሉንም ኮምፒዩተር ዞሬ የአክሰሱን ምርጫ አየሁ። ሁሉም «በጋራ» ላይ ነው። ፋይሉ ከብዶ ይሆን? የአክሰስ ፋይል ጣሪያው 2 ጊጋባይት ነው፤ የኛ መቶ ሜጋ እንኳ አልሞላም። ሁሉንም አስወጥቼ ፋይሉን ፍላሽ ላይ ቀዳሁት። (ይህን ሳያደርጉ ፋይል የሚነካኩ ሰዎች አሉ። እኔም ነበርኩ። አንድ ጊዜ የሳምንት ሥራ ካጠፋሁ በኋላ ነው ልብ የገዛሁት።) ከዚያ ፍላሹ ላይ ላለው ቅጂ አክሰስ ራሱ ያለውን ማጥበቂያና መጠገኛ ሰጠሁት። ያለ ችግር አለፈ፤ ፋይሉ አልተበላሸም ማለት ነው። የኃላፊያችንን ላፕቶፕም ጠረጠርኩ። በዋይፋይ ነው የሚገቡት፤ ዋይፋይ እየጻፉ መሐል ላይ ከተቋረጠ የአክሰስን ፋይል እስከማበላሸት ይደርሳል። እሳቸው ግን ለስብሰባ ወጥተዋል፣ ላፕቶፑም አብሯቸው። እዚህም ባዶ።

እኩለ ቀን ሆነ። ሰውየው ዳቦውን ከፌስታል አወጣና ቆርሶ ሰጠኝ። በላሁ፤ ምን አደርጋለሁ።

ከምሳ በኋላ ነው ዋናውን ነገር ያየሁት። ያየሁትም ባለመኖሩ ነው።

አክሰስ አንድ ፋይል በጋራ ሲከፈት እዚያው ፎልደር ውስጥ ሌላ ትንሽዬ ፋይል ይፈጥራል። ስሟ ከዳታቤዙ ስም ጋር አንድ ነው፤ ጭራዋ ላይ «ኤል ኤ ሲ ሲ ዲ ቢ» የሚል አለ። ከአክሰስ 2007 በፊት በነበሩት «ኤል ዲ ቢ» ብቻ ነበረች። የቁልፍ ፋይል ናት። የገባው ሁሉ የኮምፒዩተሩን ስም እሷ ላይ ያስመዘግባል። የመጨረሻው ሰው ሲወጣ ትጠፋለች። የቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ የተደረደረ ጫማ በሉት። ውስጥ ስንት ሰው እንዳለ ለማወቅ መግባት የለብህም፣ ጫማውን መቁጠር ነው። ሁሉም ወጥቶ ጫማ ከቀረ ደግሞ አንድ ነገር ተፈጥሯል።

እኔ ጧት ሙሉ ስፈልግ የነበረው የቀረ ጫማ ነበር። ዓርብ መብራት ሲሄድ ተረስታ የቀረች የቁልፍ ፋይል አገኛለሁ ብዬ። ምንም አልነበረም፣ «እሺ፣ እሱስ ደህና ነው» ብዬ አለፍኩት። አሁን ግን ካሸሯ ውስጥ ሆና እየሠራች ነው ፎልደሩን የከፈትኩት። ሰው ውስጥ አለ። ደጁ ላይ ጫማ የለም።

ያኔ ሆዴ ቡጭ አለ። ዓርብ ትዝ አለኝ።

ዓርብ አመሻሽ ላይ፣ መብራት ከመጣ፣ ሰውም ከወጣ በኋላ፣ ያንን ፎልደር ነክቼዋለሁ። የአሣ አስጋሪዎቹ የመታወቂያ ፎቶዎች እዚያው ፎልደር ውስጥ ነበሩ፤ በሳምንቱ አጋማሽ ግማሾቹ ተሰርዘው ተገኙ። ማን እንደሰረዛቸው አልታወቀም። እኔ በልቤ ጋሼን ነበር የጠረጠርኩት። ፎቶዎቹን ከመጠባበቂያ ቅጂ መለስኳቸውና የፎልደሩ ፐርሚሽን (ማን ምን ማድረግ እንደሚችል የሚወሰንበት) ውስጥ ገብቼ ከሁሉም ሰው ሁለት መብት አነሳሁ። አዲስ ፋይል መፍጠርና መሰረዝ። ያሉት ፋይሎች ላይ መጻፍ ይችላሉ፣ ግን ማንም የሚጨምርም የሚያጠፋም የለም። በጣም ብልጥ የሆንኩ መስሎኝ እያፏጨሁ ነው ወደ ቤቴ የሄድኩት።

ያቺ የቁልፍ ፋይል ግን የምትፈጠረው በገባው ሰው መብት ነው፤ የምትሰረዘውም በወጣው ሰው መብት። መፍጠር ሲከለከል አክሰስ ጫማውን የሚያስቀምጥበት ያጣል። ማን አብሮት እንዳለ የሚያይበት መንገድ ስለሌለው ፋይሉን ለብቻው ይይዛል፣ በሩንም ከውስጥ ይቀረቅራል። ስለዚህ ነው ቀድሞ የገባ ብቻ የሚሠራው። የአክሰሱ ምርጫ «በጋራ» ቢልም ለውጥ የለውም።

ሰርቨሩ ላይ ተቀምጬ ሁለቱን መብቶች መለስኩ። ከ3 ደቂቃ በላይ አልፈጀም። ፎቶዎቹን ወደ ሌላ ፎልደር ወሰድኳቸው፤ ከልክለህ የምትጠብቀው ነገር ከዳታቤዙ ጋር አንድ ቤት ማደር የለበትም። ካሸሯን ወጥታ እንድትገባ ነገርኳት። ንብረት ክፍሉ ገባ። እኔ ገባሁ። ያቺ ትንሽ ፋይል ብቅ አለች። በኖትፓድ ስከፍታት ከዝብርቅርቅ ምልክቶች መሐል 3 የኮምፒዩተር ስሞች ይነበባሉ። አንዱ ባለፈው ዓመት ወደ ሌላ መሥሪያ ቤት የተዛወረች ልጅ ስም ነው። ኮምፒዩተሯን ለንብረት ክፍል ስንሰጥ ስሙን የቀየረው የለም። እሷ ሄዳ ጫማዋ በየቀኑ ደጃችን ላይ አለ።

አራተኛው ቀረ። ወደ ጋሼ ክፍል ሄድኩ።

«ጋሼ፣ አሁን ይክፈቱት። ተስተካክሏል።»

«ማን ነው ያበላሸው?»

«እኔ ነኝ።»

መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩኝ። ምንም አላሉም። ማውሱን በሁለት እጅ ያዙና ከፈቱት። ከዚያ «በይ ሰውየውን ጥሪው፣ ከመዝገቡ ጋር አብረን እናመሳክርለታለን» አሉ።

ተመሳከረ። ኪሎው ከኪሎ፣ ብሩ ከብር ገጠመ። ጋሼ የባሕር መዝገቡን ገጽ በጣታቸው እየተከተሉ ሲያነቡለት ሰውየው ስክሪኑን ከቁም ነገር አልቆጠረውም፤ ዓይኑ ጣታቸው ላይ ነበር። ፈርሞ ሲጨርስ 9 ሰዓት አልፏል። ጧት መስተዋት የመሰለው ሐይቅ አሁን ነጫጭ አረፋ እያሳየ ነው። ከሰዓት ነፋሱ ሲነሳ ጣና ላይ መሄድ ለለመደውም አይመችም። የጧቱ ጀልባ ደርሶለት ቢሆን ይህን ጊዜ ቤቱ ነበር።

ይቅርታ ጠየቅኩት። ባርኔጣውን ጭኖ በሩ ላይ ደርሶ ዞር አለ።

«ሲስተምን ሰላም በይልኝ» አለኝ።